ጉዞ መሃል እየጠፋ ያስቸገረን ላንድክሩዘር እንዴት ተስተካከለ

የበጎ ፈቃድ ቡድናችን መጻሕፍት ጭኖ ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያዋ ማርሳቢት ሊሄድ ሲዘጋጅ፣ መኪናው አራት ቀን በላብን። ላንድክሩዘር ነው፤ ቱርቦ የሌለው፣ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር።

ምልክቱ ይሄ ነው፦ 40 ደቂቃ ያህል በደንብ ይሄዳል። ከዚያ ጉልበት ያጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት አርፎ ሲነሳ ምንም እንዳልነካው ይሆናል።

መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርን። አልሆነም። ውሃ ገብቶ ይሆናል ብለን ከፊልትሮው ሥር አፈሰስን፤ ንጹህ ናፍጣ ብቻ ወጣ። የቱቦ ማሰሪያዎቹን አጥብቀን በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣን። ሞጆ ሳንደርስ ደግሞ ጠፋ። መካኒኩ «የኢንጄክሽን ፓምፑ (ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልከው) ይውረድ» አለ። እሱ ቀላል ብር አይደለም፣ እንቢ አልን።

ፍንጭ የሆነን አንድ ነገር ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቶሎ ይጠፋል፣ ግማሽ ሲሆን ይዘገያል። በሚቀጥለው ሲጠፋ የታንኩን ክዳን ከፈትኩት። ሽሽሽ ብሎ አየር ሳበ። ወዲያው ተነሳ!

ለካ የታንኩ መተንፈሻ ቱቦ ጫፉ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ናፍጣው ሲቀንስ የሚተካው አየር ስለማይገባ፣ ታንኩ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል። ሙሉ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። ቱቦውን ነቅለን ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አስነፋነው (ሳትነቅሉ ከነፋችሁት ጭቃው ታንኩ ውስጥ ይገባል)። ጫፉንም ጭቃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አሰርነው።

በማግስቱ በሙሉ ታንክ ሐዋሳ ደርሰን ተመለስን። አንዴም አልጠፋም።