የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተጫዋቾችን የቀድሞ ካርዶች አሰባሰብ

የቀድሞ የቤዝቦል ካርዶችን፣ ማለትም የተጫዋቾች ምስል የታተመባቸውን ትንንሽ ካርቶኖች፣ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ለስብስቡ ወሰን ማበጀት ይኖርበታል። የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት፣ በኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን የሚገኘው የዝና አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ታይ ኮብን፣ ቤብ ሩዝን፣ ሆነስ ዋግነርን፣ ክሪስቲ ማቲውሰንንና ዋልተር ጆንሰንን ከመረጠ ጀምሮ የሚሰጠው ክብር በስም ዝርዝር የታወቀ ስለሆነ ጥሩ ወሰን ይሆናል። ዝርዝሩ ግን ረጅም ነውና አንድ ዘመን መርጦ መጀመር ይሻላል።

ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጡ የነበሩት «ቲ206» ካርዶች ትንንሽና ውብ ናቸው። እጅግ ብርቅና ውድ የሆነውን የዋግነርን ካርድ መመኘት ለብዙዎቻችን ከንቱ ነው፤ የሌሎች ታላላቆች ካርዶች ግን አሁንም ይገኛሉ። በ1933 ከጎውዲ ማስቲካ ጋር በወጣው ስብስብ ቤብ ሩዝ በአራት፣ ሉ ጌሪግ በሁለት ካርዶች ላይ ይታያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለውን ዘመን የሚመርጥ ደግሞ ቦውማንና ቶፕስ የተባሉ ኩባንያዎች ያወጧቸውን ካርዶች ያገኛል። ከሚኪ ማንትል የ1952 የቶፕስ ካርዶች አንዱ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥም፣ የተጫዋቹ የመጀመሪያ ካርድ የ1951ዱ ቦውማን ነው። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው እንደ ሪቺ አሽበርን፣ ጆርጅ ኬልና ኧርሊ ዊን ያሉትን የዝና አዳራሹን አባላት ቢፈልግ፣ ክብራቸው ያው ሆኖ ዋጋቸው እጅግ ይቀንሳል።

ዋጋን ከስሙ ቀጥሎ የሚወስነው የካርዱ ይዞታ ነው፤ ማዕዘኖቹ፣ ጠርዞቹ፣ ገጹ እንዲሁም ሥዕሉ መሃል ላይ መዋሉ ይታያል። በእኔ አመለካከት ማዕዘኑ የተበላ ነገር ግን ማንም ያልነካካው ካርድ፣ ጠርዙ ተከርክሞ አዲስ ከመሰለው ይበልጣል። ክርከማ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሁሉ የሚታወቀው የዋግነር ካርድ እንኳ መከርከሙን የቀድሞ ሻጩ በ2013 አምኗል። ስለዚህ ማስመሪያ ይያዙ። ከ1952 እስከ 1956 የወጡት የቶፕስ ካርዶች ወርዳቸው 2⅝፣ ቁመታቸው 3¾ ኢንች ሲሆን፣ ከ1957 ወዲህ 2½ በ3½ ሆነዋል። ፋብሪካውም አንዳንዴ አዛብቶ ይቆርጥ ስለነበር፣ ልኬቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ካርዱን ከዚያው ስብስብ ርካሽ ካርድ አጠገብ አስቀምጦ የጠርዙን ጥራትና የእርጅናውን መልክ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሐሰተኛ ቅጂን ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይበቃል። በኦሪጅናሎቹ ላይ የስሙ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወጥ ቀለም የታተሙ ሲሆኑ፣ ከፎቶግራፍ በተባዛ ቅጂ ላይ ግን ፊደሉ ራሱ በነጠብጣቦች ተበታትኖ ይታያል። የአልትራቫዮሌት መብራትም ይረዳል፤ ከጦርነቱ በፊት ታተመ የተባለ ወረቀት በጨለማ ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ፣ እንዲህ የሚያበራው በኋላ ዘመን የተሠራ ወረቀት ነውና ሊያጠራጥር ይገባል።

ውድ ካርድ ሲገዙ ፒ.ኤስ.ኤ. ወይም ኤስ.ጂ.ሲ. የተባለው የካርድ መርማሪ ድርጅት መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሰጠውን መምረጥ ብልህነት ነው። ሆኖም ደረጃው የባለሙያ አስተያየት ስለሆነ፣ እኩል ደረጃ ካላቸው ሁለት ካርዶች አንዱ ለዓይን እጅግ ሊያምር ይችላል። ሻጩን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ በተለይም ስስ እጥፋት እንዲታይ በጎን ብርሃን የተነሳውን ይጠይቁ።

የገዙትን ካርድ መጀመሪያ በስስ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያም በጠንካራ መያዣ ውስጥ ያስገቡ። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ያለበት የአልበም ገጽ ከጊዜ በኋላ ካርዱን ስለሚያበላሽ አይጠቀሙበት፤ ካርዶችን በላስቲክ ማሰርም ይቅር። የፀሐይ ብርሃን ከማይደርስበት፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ከማይለዋወጥ ቦታ ያኑሩት፤ ቆሻሻ ቢኖርበትም በራስዎ እጅ ለማጽዳት አይሞክሩ።