ለባሕር የሚሠራ ድርጅት እንዴት ይመረጣል? ከኤሊዋ ቪዲዮ ጀርባ ማየት

ማታ ስልክዎን ሲነካኩ አንድ ቪዲዮ ብቅ ይላል። የባሕር ኤሊዋ ጀርባ ላይ ነጫጭ ዛጎሎች ተለጣጥፈዋል። አንድ ሰው በቢላ እየፋቀ ያነሳላታል። ሙዚቃው ሆድ ያባባል። ከሥር "ይለግሱ" የሚል ቁልፍ አለ። እኔም አንድ ጊዜ ተጭኜዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚያ ዛጎላም ፍጥረታት አብዛኛውን ጊዜ ኤሊዋን አይጎዷትም። የሚጎዳት ፍቂያው ነው። የኤሊ ቅርፊት ሕይወት አለው፣ ያማል፣ ይደማል። ጀርባዋ በዛጎል የተወረረ ኤሊ ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ የታመመች ናት፤ የምትፈልገው የእንስሳት ሐኪም ነው። ኤሊ የሚያውቅ ሰው ካሜራ ደግኖ በቢላ አይፍቃትም። ገንዘቤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ለባሕር የሚሠራ ድርጅት ስመርጥ የምከተለውን አካሄድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ የትኛው ጉዳይ እንደሚያንገበግብዎ ይወስኑ

"ውቅያኖስን ማዳን" የሚባል ሥራ የለም። ከመጠን ያለፈ ዓሣ ማጥመድ አለ፣ ፕላስቲክ አለ፣ የኮራል መሞት አለ፣ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰ እንስሳት አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ባለሙያ አለው። ካልወሰኑ ደግሞ የሚወስንልዎ ቪዲዮ የሠራው ሰው ነው። አፍ ያለው ያግባሽ ይባል የለ?

እኔ የመረጥኩት ማጥመድን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ከሚገመግማቸው የባሕር ዓሣ ክምችቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከመጠን በላይ እየተጠመዱ ነው ይላል። ፕላስቲኩ ዓይን ይስባል። መረቡ ግን ከውኃ በታች ስለሆነ አይታይም።

ቀጥሎ፣ ድርጅቱ በእጁ ምን እንደሚሠራ ይወቁ

ድረ ገጻቸው ላይ ሁሉም "እንጠብቃለን" ይላሉ። እንዴት? እዚህ ላይ በጣም ይለያያሉ።

በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው ኦሺያና ዋና ሥራው ሕግ ማስቀየር ነው። የማጥመጃ ገደብ እንዲወጣ፣ ጎጂ መረብ እንዲታገድ መንግሥታትን ይወተውታል። በ1959 የተመሠረተው ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ ደግሞ ኮስታ ሪካ ውስጥ ቶርቱጌሮ በሚባል የባሕር ዳርቻ ለአሥርት ዓመታት ኤሊ ሲቆጥር የኖረ ነው። ሌሊት ለሌሊት አሸዋው ላይ ይሄዳሉ፣ እንቁላል ልትጥል የወጣችውን ኤሊ ይለካሉ፣ ምልክት ያስሩላታል። ለቪዲዮ የማይመች አሰልቺ ሥራ ነው። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን አምናለሁ።

ሲ ሼፐርድ ሌላ ነው። በ1977 ሲመሠረት ጀምሮ በመርከብ ወጥቶ መጋፈጥ ይወዳል። ስሙ ሲነሳ የሚያሞግሰውም የሚያብጠለጥለውም አለ። ሜክሲኮ ውስጥ የሠራውን ግን ልብ ይበሉ። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ቫኪታ የምትባል ትንሽዬ የዶልፊን ዘመድ አለች። በዓለም ላይ የቀሩት አሥር ገደማ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ቫኪታን ራሷን የሚያሳድዳት የለም። አጥማጆቹ የሚፈልጉት ቶቶዋባ የተባለውን ዓሣ ነው። ከሆዱ የሚወጣው የአየር ከረጢት ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል። ለእሱ የተዘረጋው መረብ ቫኪታዋን ይይዛትና ለመተንፈስ ብቅ ማለት አቅቷት ታፍና ትሞታለች።

የሲ ሼፐርድ መርከበኞች ለዓመታት መረቡን ከባሕር እየጎተቱ ሲያወጡ ኖረዋል። በ2022 ደግሞ የሜክሲኮ ባሕር ኃይል የብረት መንጠቆ ያላቸው የሲሚንቶ ብሎኮች ባሕሩ ወለል ላይ አሰመጠ። በዚያ የዘረጋ አጥማጅ መረቡ መንጠቆው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። መረብ ደግሞ ውድ ነው፣ ስለዚህ አጥማጁ ከቦታው ይርቃል። መፍትሔ ማለት እንዲህ ነው፤ ችግሩ የሚፈጠርበትን ቦታ ፈልጎ እዚያው መያዝ።

ከዚያ፣ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፦ "እንደሠራ በምን አወቃችሁ?"

ከሁሉም የምትበልጠው ይህች ጥያቄ ናት። ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ይክፈቱና ቁጥሮቹን ያንብቡ። "40 ስብሰባ አካሄድን"፣ "10 ሺህ በራሪ ወረቀት በተንን" የሚል ከሆነ የነገሩዎት ድካማቸውን ነው። ባሕሩ ውስጥ ምን ተለወጠ?

የተለወጠ ነገር ሲኖር ሊለካ ይችላል። ካቦ ፑልሞ የተባለው የሜክሲኮ የባሕር ፓርክ በ1995 ተከለለ። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው ማጥመድ ይቁም ያሉት። ተመራማሪዎች ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የዓሣው አጠቃላይ ክብደት ከ460 በመቶ በላይ እንደጨመረ ለክተዋል። ሌላም አለ፤ የሽሪምፕ መረብ ላይ የሚገጠም የብረት ፍርግርግ። ሽሪምፑ ያልፋል፣ ኤሊዋ ግን ፍርግርጉ ላይ ስትደርስ በተከፈተላት በር ትወጣለች። በትክክል ከተገጠመ ከ100 ኤሊ 97ቱን ያስመልጣል። ጥሩ ድርጅት እንዲህ ዓይነት ቁጥር ያሳይዎታል፤ ያልተሳካለትንም አይደብቅም።

ገንዘቡንም አይርሱ

አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ያስገባሉ። ስሙን ከድርጅቱ ስም ጋር አያይዘው ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት ይገኛል። የኃላፊው ደሞዝ ሳይቀር ተጽፏል። በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገበ ከሆነ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ለሰነድ ጥያቄዎ የሚያምር ፎቶ ከላኩልዎ ጥለው ይውጡ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። "ለአስተዳደር ብዙ ያወጣል" ብለው ብቻ አይሽሹ። ሕግ የሚያስቀይር ድርጅት ወጪው የጠበቃና የተመራማሪ ደሞዝ ነው፤ ሥራውም እሱ ነው። ይልቅ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይዩ። ለምሳሌ ግሪንፒስ ከመንግሥትም ከኩባንያም ገንዘብ አልቀበልም ይላል። በሌላ በኩል ዓሣው ባሕሩን ሳይጎዳ መጠመዱን የሚያረጋግጠው፣ ኤም ኤስ ሲ በሚል ምልክቱ የሚታወቀው ድርጅት ዋና ገቢው ምልክቱን ከሚጠቀሙ ኩባንያዎች የሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ማወቁ ግን ይጠቅማል።

ሲሰጡ

ትንሽም ቢሆን በየወሩ ይስጡ፤ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ለዕቅድ ያመቻል። "ለዚህች ኤሊ ብቻ" ብለው ባያጥሩትም ይመረጣል። ኤሊ ማደጎ የሚባለው የምስክር ወረቀት ለልጅ ደስ የሚል ስጦታ ነው፤ ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጋራ ካዝና ነው የሚገባው። አይከፋም፣ ይወቁት ብዬ ነው።

ኪስዎ ባዶ ከሆነ

ጊዜም ይቀበላሉ። ኦሽን ኮንሰርቫንሲ የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት በ1986 በቴክሳስ በ2,800 ሰዎች ተጀመረ። ልዩ የሚያደርገው መቁጠሩ ነው። አንድ ሰው ያነሳል፣ ሌላው ዝርዝሩ ላይ ይመዘግባል፦ ክዳን፣ ስትሮ፣ የሲጋራ ቁራጭ። የሲጋራ ቁራጭ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ሕግ አውጪ ፊት ሲቀርቡ ጆንያው ሳይሆን መዝገቡ ነው ክርክር የሚያሸንፈው።

ከባሕር ርቀው ቢኖሩም ግሎባል ፊሺንግ ዋች የተባለውን ነፃ ካርታ ከፍተው አጥማጅ መርከቦች የት እንደሚርመሰመሱ ማየት ይችላሉ። ባሕር ዳር የመሄድ ዕድል ገጥሞዎ ደግሞ ሃምፕባክ የሚባለው ጎባጣ ዓሣ ነባሪ ሲጠልቅ የጭራውን የታችኛውን ገጽ ፎቶ ካነሱ ሃፒዌል ወደሚባለው ድረ ገጽ ይላኩት። ጭራው ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ንድፍ እንደ አሻራ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ከወራት በኋላ አንድ ኢሜይል ይደርስዎ ይሆናል፦ የእርስዎ ዓሣ ነባሪ ሌላ ባሕር ላይ ታይቷል የሚል።