እንግሊዝኛ ስናወራ ጫናውን የምንስትባቸው ቦታዎች

ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ቃላትም የማያጥረው ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር "ምን አልክ?" ይባላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጫናው ነው። ጫና፣ ስትረስ የሚሉት፣ ከቃሉ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ ረዘምና ጎላ ብሎ መነገሩ ነው። እኛ "ገና" የሚለውን በዓል "ገና ነው" ከምንለው የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ጊዜ በጫና ይሠራል። ጫናው ያረፈበት እንዲታይ አናባቢውን እያስረዘምኩ እጽፋለሁ።

ሁሉንም ክፍል እኩል መጥራት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። "ኮምፒውተር" ስንል ለሁሉም ፊደል እኩል ድርሻ እንሰጣለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን "ከምፒዩኡተር" ነው የሚለው። መሃሉ ይረዝማል፣ ዳርና ዳሩ ይከስማል። ብዙ ሰው ጫና ማለት አንዱን ክፍል መጮህ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን የቀሩትን ማሳነስ ነው። ሲያንሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ "ኧ" የቀረበ ድምፅ ይሆናሉ። ይህን ድምፅ ስፓኒሽ ተናጋሪ እንደ አዲስ ይማረዋል፤ እኛ ግን ከልጅነታችን አፋችን ውስጥ አለ። እንጠቀምበት!

የለመድነውን ቃል አለመጠርጠር

አማርኛ ውስጥ የገቡ ቃላት ያሳስታሉ። ስለምናውቃቸው መዝገበ ቃላት አንገልጥላቸውም። "ሆቴኤል" እና "ፐሊኢስ" ጫናቸው መጨረሻ ላይ ነው። "ሆኦስፒትል" መጀመሪያው ላይ። ኢኮኖሚ ደግሞ "ኢኮኦነሚ" ነው።

ስሙንና ግሱን አንድ አድርጎ መጥራት

"ሬኤከርድ" ስም ነው፤ "ሪኮኦርድ" መቅዳት ነው። ኤክስፖርትም እንዲሁ ነው፦ ስም ሲሆን ፊቱ፣ ግስ ሲሆን ኋላው ይጎላል። ሕጉን ሁሉም ላይ መጫን ግን ሌላ ስህተት ነው። "ሪፖኦርት" እና "ሰፖኦርት" ስምም ሆኑ ግስ አይለወጡም።

ቃሉ ሲረዝም ጫናውን እዚያው መተው

"ፎኦተግራፍ" ፎቶው ነው። ሙያው "ፈቶኦግረፊ" ይሆናል። ቅጽሉ ደግሞ "ፎተግራኣፊክ"። በ"ሽን"፣ በ"ኢክ" እና በ"ኢቲ" የሚያልቁ ቃላት ጫናቸው ከቅጥያው ፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል፦ "ኢንፈርሜኤሽን"፣ "ኧቢኢለቲ"። እንደ "ኣረቢክ" ያሉ ጥቂት አፈንጋጮች አሉ። ቢሆንም ይህ አንድ ሕግ ብዙ ቃላትን በአንዴ ያቃናል።

14 እና 40ን ማምታታት

ዋጋ፣ ቀጠሮ ወይም የመድኃኒት መጠን ላይ ሲሆን ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። 14 "ፎርቲኢን" ነው፣ መጨረሻው ይረዝማል። 40 ደግሞ "ፎኦርቲ" ነው፤ አሜሪካኖች "ት"ዋን ወደ "ድ" ስለሚያላሉ "ፎርዲ" ይመስላል። 14 ስትሉ "ት"ዋን ጥርት አድርጉ፣ የመጨረሻዋንም "ን" አትዋጧት።

"እችላለሁ" ስንል "አልችልም" መባል

በተለይ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ከዚህ የባሰ የለም። ቅዳሜ መሥራት ትችላለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ብሎት "አይ ካኣን ወርክ" ይላል። ቀጣሪው አልችልም ያለ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሜሪካኖች "ካንት" ሲሉ የመጨረሻዋን "ት" ብዙ ጊዜ ይውጧታል። ስለዚህ ጆሯቸው አዎንታውን ከአሉታው የሚለየው በጫናው ነው። ስትችሉ "ከን" ብላችሁ በፍጥነት እለፉት፣ ግሱን አጉሉት፦ "አይ ከን ወኧርክ"። ሳትችሉ "ካኣንት" በሉ፣ ረዘም አድርጋችሁ። ለብቻው "የስ፣ አይ ካኣን" ሲባል ግን መጉላቱ ትክክል ነው፤ የሚከተለው ግስ የለምና።

የመዝገበ ቃላቱን ጭረት አሳስቶ ማንበብ

መዝገበ ቃላት የቃሉን አነባበብ ሲያሳይ ከላይ የሚያደርጋት ትንሽ ጭረት ጫናውን ታመለክታለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀመጠው ከሚጎላው ክፍል ፊት ነው፤ ከኋላው የሚያስቀምጡም አሉ። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለውን ማብራሪያ እዩ። ከታች ያለችው ጭረት ቀለል ያለ ሁለተኛ ጫናን ታሳያለች። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የሚለያዩባቸው ቃላትም አሉ። ጋራዥ ለንደን ውስጥ "ጋኣራዥ" ነው፣ አሜሪካ "ገራኣዥ"። ላቦራቶሪ እንግሊዝ "ለቦኦረትሪ"፣ አሜሪካ "ላኣብረቶሪ" ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በስልክ ወይም በኮምፒውተር መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ምልክቷን ስትጫኑ ግን የምትሰሙት የየትኛው አገር አነጋገር እንደሆነ አስተውሉ።