ለኦዲን የሚቀርብ ሚዮድ እንዴት ይጣላል?

ሚዮድ የኖርዌዮች የማር መጠጥ ነው። ታዲያ ማር በውሃ በጥብጦ ለማፍላት ሐበሻ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? እኔ እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁበት። እናቴ ጠጅ ስትጥል እያየሁ አድጌያለሁ፤ ጌሾ ወቅጫለሁ፣ ጋን በወይራ አጥኛለሁ። እዚህ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ያሉት ጎረቤቴ «ዘንድሮ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ለብሎት የሚሆነኝን ሚዮድ ትጥልልኛለህ?» ሲሉኝ ሳላቅማማ እሺ አልኩ። ውጤቱ ኩሽናዬ ኮርኒስ ላይ ዛሬም ይታያል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ኖርዌጂያኖች አንቱ መባባል ትተዋል፤ እኔ ግን በልቤ እትዬ ነው የምላቸው። የሚያከብሩት ኦዲንን ነው፤ ያን ባለ አንድ ዓይን የጥንት ሰሜን ሰዎች አምላክ። ብሎት የሚባለው ለአማልክት የሚቀርበው መስዋዕት ነው። ይህን እምነት የሚከተሉ ሰዎች ኖርዌይም አይስላንድም ሕጋዊ ማኅበር አላቸው፤ የአይስላንዱ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት የታወቀ ነው። እትዬ ግን ማኅበር አይወዱም። የሳቸው ነገር ረቡዕ ማታ፣ ብቻቸውን፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ነው። ረቡዕ በኖርዌይኛ «ኦንስዳግ» ይባላል፤ የኦዲን ቀን ማለት ነው። የእምነቱን ምልክቶች ለራሳቸው ጉዳይ የሚያውሉ ዘረኞች መኖራቸውንም ያውቃሉ፤ የነሱ ስም ሲነሳ የእትዬ ፊት ይጠቁራል።

እኔ የእምነቱ ተከታይ አይደለሁም። ጠማቂያቸው ነኝ።

የሚያስፈልገው

ለ5 ሊትር፦ 1.5 ኪሎ ማር፣ ውሃ፣ አንድ እፍኝ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ክቫይክ የሚባለው እርሾ፣ የእርሾ ምግብ (ጠማቂ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ)፣ እና ጋዝ የሚያስወጣ ክዳን ያለው ሰፋ ያለ ባልዲ። ባልዲው 7 ወይም 8 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ሃይድሮሜትርም ግዙ፤ የፈሳሹን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ነው፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል። ርካሽ ነው፤ እሱ ከሌለ የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው። ውድ ማር ግን አትግዙ፤ የአበባው ሽታ አብዛኛው ከጋዙ ጋር ነው የሚወጣው።

ጥዱ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የአገራችን ጥድና የኖርዌዩ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። መጠጥ ውስጥ የሚገባው ቅጠሉ እንደ መርፌ የሚወጋው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለው የኖርዌይ ጥድ ብቻ ነው። በምዕራቡ ጠረፍ ባርሊንድ የሚባል መርዛማ ዛፍም ይበቅላል፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው፣ አይወጋም። ካልወጋችሁ አትቁረጡት። ከሰው አጥር ላይ መቁረጥማ ጭራሽ አይታሰብ።

ዕቃውና ውሃው

ባልዲውን እጠቡ፣ ከዚያ ጀርም በሚገድል ፈሳሽ አለቅልቁ። የጥንት ገበሬዎች ጥዱን ቀቅለው በውሃው ዕቃቸውን ያጥቡ ነበር፤ እኛ ጋን በወይራ እንደምናጥነው መሆኑ ነው። ጥዱን በ4 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉና አጥልሉት። 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማሩን በጥብጡበት፣ 5 ሊትር እስኪሞላ ውሃ ጨምሩ። ማሩን አታፍሉት። ይህን ብርዝ ቅመሱት፣ ደስ ይላል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ይህንኑ ለአማልክቱ ቢያቀርብ ነውር የለውም ይላሉ እትዬ። ሃይድሮሜትሩ 1.090 አካባቢ ማንበብ አለበት።

እርሾው

የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ጠጅ ስንጥል እርሾ የሚባል ነገር አናስብም። ጌሾው፣ ጋኑና ያልተጣራው ማር ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። እዚህ ግን ማሩ የሱፐርማርኬት ነው፣ ባልዲው በኬሚካል ታጥቧል፤ እርሾውን እናንተ ካላመጣችሁ ማንም አያመጣላችሁም።

ክቫይክ የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች ከአንዱ ጠመቃ ወደሌላው እያሻገሩ ለትውልድ ያቆዩት እርሾ ነው። በእንጨት ቀለበት ላይ ያደርቁትና ለሚቀጥለው ድግስ ይሰቅሉት ነበር። የአንዱ ቤት ከተበላሸ ከጎረቤት ይዋሳል፤ እኛ የእንጀራ እርሾ በስኒ እንደምንዋሰው። አብዛኛው ሌላ የቢራ እርሾ ከ20 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ይነጫነጫል፣ ክቫይክ ግን 35 ላይ ነው የሚፈነድቀው። በገጠሩ እርሾውን ሲጨምሩ ወደ በርሜሉ አጎንብሶ መጮህም ወግ ነበር። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ይህን ዘልዬዋለሁ።

መጀመሪያ ጥንስስ ሥሩ። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም የብቅል ዱቄት (በጠማቂ ሱቅ የሚሸጠው፣ የሚሟሟው) አፍሉ፣ ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ክቫይኩን ጨምሩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። በማግሥቱ አረፋ ይዞ ታገኙታላችሁ። ከላዩ ሁለት ማንኪያ ለዘር አንሱ። ቀሪውን 32 ዲግሪ ላይ ባለው ብርዝ ውስጥ ገልብጡ፣ አጥብቃችሁ አማስሉ፣ ክደኑ፣ ሙቅ ቦታ አስቀምጡ።

የመጀመሪያውን ዓመት እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብዬ ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ። ሃይድሮሜትሩ 1.050 ላይ ተገትሯል። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ንቅንቅ የለም።

ጉዳዩ ርሃብ ነው። ክቫይክ የለመደው የገብስ ብቅል ነው፤ ብቅል ውስጥ ከስኳሩ ሌላ እርሾን የሚያጠግብ ናይትሮጅን አለ። ማር ግን ስኳር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የተራበ እርሾ ይሸታል፣ ከዚያ ይቆማል። የእርሾ ምግብ የሚገዛው ለዚህ ነው። ዘቢብ ጣሉበት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ዘቢብ ለዳቦ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ምግቡን ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን፣ ሚዮዱ እየተንተከተከ ሳለ፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ዱቄት ከላይ በተንኩበት። ፈሳሹ ውስጥ የታመቀው ጋዝ እያንዳንዷን ቅንጣት ሙጥኝ ብሎ ባንዴ ወጣ። የጠባብ አፍ ጠርሙስ ነበርና የምጠቀመው፣ አረፋው እንደ ቧንቧ ተተኮሰ። ኮርኒሱ፣ መጋረጃው፣ እኔ። ማር ሲደርቅ እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። እትዬ ጩኸቴን ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆመው «በመጨረሻ ጮህክበት» አሉኝ።

እንዲህ አድርጉ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ለሦስት ክፈሉ። ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ አንድ አንዱን ስጡ። ሁልጊዜ ቅድሚያ በቀስታ አማስላችሁ ጋዙን አስወጡ፣ አረፋው እስኪተኛ ጠብቁ፣ ከዚያ በግማሽ ስኒ ውሃ የሟሟውን ምግብ ጨምሩ። ሃይድሮሜትሩ 1.060 ከደረሰ በኋላ ምግብ አይጨመርም።

መጠበቅ

ሁለት ሦስት ሳምንት። ንባቡ 1.000 አካባቢ ሆኖ ሳምንት ሙሉ ካልተለወጠ አልቋል፤ አልኮሉ 12 በመቶ ገደማ ነው። ከአተላው ለይታችሁ በቱቦ ወደ ንጹሕ ዕቃ አዙሩት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ወር ይጥራ። ንባቡ ሳይረጋ ጠርሙስ ውስጥ ከከታችሁት ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ለራስ ፍጆታ መጥመቅ ይፈቀዳል። አረቄ ማውጣትና የጠመቁትን መሸጥ ግን አይፈቀድም።

የማቅረቡ ሥርዓት

ቀንድ ዋንጫ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ብርጭቆ ይበቃል። እትዬ በእንጨት ጎድጓዳ ሳህንና በአሮጌ የላም ቀንድ ነው የሚያደርጉት። ቀንዱን ይሞላሉ፣ በሁለት እጅ ከፍ ያደርጋሉ፣ ከኦዲን ስሞች የመረጡትን ጥቂቱን ይጠራሉ። ከመቶ በላይ ስም አለው፤ ሁሉንም ልጥራ የሚል እስኪነጋ ቆሞ ይቀራል። ትንሽ ይጎነጫሉ፣ ቀሪውን ሳህኑ ውስጥ፣ ከሳህኑ ዛፉ ሥር። ሁለተኛው ለሞቱት ዘመዶች ነው። እዚያ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔም ዞር እላለሁ።

ቀንዱን መጀመሪያ ሲሰጡኝ ሳላስበው አማተብኩ። አፈርኩ። እሳቸው ሳቁና የንጉሥ ሆኮንን ነገር ነገሩኝ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኑ ሆኮን ገና ጣዖት በሚያመልኩ ገበሬዎች ግብዣ ላይ ለኦዲን የተባረከ ቀንድ ተሰጠው፣ እሱም አማተበበት። ገበሬዎቹ ሲቆጡ አጠገቡ የነበረው መስፍን ሲጉርድ «የቶርን መዶሻ ምልክት ነው ያደረገው» ብሎ አዳነው፤ ቶር መዶሻ የሚይዘው ሌላው አምላካቸው ነው። ታሪኩን የጻፈው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። «ያንተንም መዶሻ ነው እላለሁ» አሉኝ እትዬ።

ብዙ አትድፉ። የኦዲን ቃል ነው የሚባለው ሃቫማል የተሰኘው ጥንታዊ ግጥም፣ መስዋዕት ከሚበዛ ጭራሽ ባይለመን ይሻላል፣ ስጦታ ሁልጊዜ መልስ ይፈልጋል ይላል። ጠጪውም ብዙ በጠጣ ቁጥር ስለ ልቡ የሚያውቀው ያንሳል ይላል። አንድ ቀንድ ይበቃል፤ በዚያች ማታ መኪና አይነዳም።

ስለት የምትሳሉ ከሆነ ግን ከእርሾው እኩል አስቡበት። በጥንቱ ትረካ የሆርዳላንድ ንጉሥ አልሬክ ሁለት ሚስቶቹ አልስማማ አሉት። የተሻለ ጠላ የጠመቀችውን አስቀራለሁ አለ። ሲግኒ ፍሬያ የተባለችውን ሴት አምላክ ለመነች፣ ጌይርሂልድ ኦዲንን። ኦዲን መጣና ለእርሾ ምራቁን ሰጣት፤ ዋጋው «በአንቺና በጋኑ መካከል ያለው» ነው አላት። እሺ አለች። ጠላው አንደኛ ወጣ። በእሷና በጋኑ መካከል የነበረው ግን ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ነበር። ቪካር ተባለ፣ ንጉሥ ሆነ፣ በኋላ ለኦዲን ተሰቀለ። ሆርዳላንድ ማለት ይኸው በርገን ያለችበት አገር ነው፣ ታዋቂው የቮስ ክቫይክም የሚመጣው ከዚያው ነው። እትዬ ታዲያ የሚሳሉት የሚቆጠር ነገር ብቻ ነው፤ ዘንድሮ «በሳምንት አንድ ቀን እህቴን እጠይቃለሁ» ነበር ያሉት።

ዘሩ

ለዘር ያነሳችሁትን ሁለት ማንኪያ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ላይ በስሱ ቀቡት። በማራገቢያ ሁለት ቀን ይድረቅ፣ ሰባብራችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ቀኑን ጻፉበት። ከሚዮዱ አተላ ለማድረቅ አትሞክሩ፤ 12 በመቶ አልኮል ውስጥ የከረመ እርሾ ደክሞታል።

ባለፈው ረቡዕ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ በእጃቸው ባዶ ስኒ ይዘዋል። የእህታቸው ልጅ መጥመቅ ጀምሯል አሉ፣ የሱ እርሾ ተበላሽቶበት።