«ዳኛው ፈርዶልኛል» እና ሌሎች የታክስ ስህተቶች

ጥር ሲጋመስ ስልኬ ያንኑ ወሬ ይዞ ይጮኻል። «የሞላሁት ታክስ ውድቅ ሆኖ ተመለሰብኝ፤ የፈታኋት ሚስቴ ልጁን ቀድማ አስገብታዋለች!» ማስገባት ማለት ልጁን ጥገኛዬ ነው ብሎ ታክስ ላይ መሙላት ነው። አሜሪካ ውስጥ ታክስ መሥራት ከጀመርኩ ይኼን ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለም።

ቀጥሎ «ልጁን እኔ እንዳስገባ ዳኛው ፈርዶልኛል» ይመጣል። ወንድሜ፣ አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚቆጥረው ሌሊት ነው። ልጁ በዓመቱ ብዙ ሌሊት ያደረው ማን ጋ ነው? መብቱ የእሱ ነው። «እኩል ነው የምንይዘው» ለሚሉኝ ደግሞ፣ 365 ለሁለት እኩል አይካፈልም፤ ቁጠሩ። እውነትም እኩል ከመጣ ገቢው ከፍ ያለው ወላጅ ይወስዳል። ፍርዱ «በጎዶሎ ዓመት አባት ያስገባ» ቢልም፣ ልጁ የሚያድርባት እናት ፎርም 8332ን፣ ማለትም መብቷን ለአንተ የምትለቅበትን ፎርም፣ ፈርማ ካልሰጠችህና ከታክስህ ጋር ካላያያዝከው ዋጋ የለውም። በፈረንጅ ከ2008 በኋላ ለተፋታ ሰው የፍርዱን ገጽ ማያያዝ ፎርሙን አይተካም። አልፈርምም ካለች ወደዚያው ፍርድ ቤት ተመለስ። እኔ ላይ አትጩህ።

እኔም ስጀምር ተሸውጃለሁ። አንዱ ደንበኛዬ ማኅተም ያለበት ፍርድ አሳየኝ፤ አምኜ አስገባሁለት። ሪፈንዱ (የታክስ ተመላሹ) መጣ። ቆይቶ የአይአርኤስ ደብዳቤ መጣና ደንበኛዬ ገንዘቡን ከነወለዱ መለሰ። ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው ትምህርት ቤቱ የያዘውን የልጁን አድራሻ ነው።

ፎርሙ ቢፈረምም ሁሉ ነገር ወደ አባትየው አይዞርም። ቻይልድ ታክስ ክሬዲቱ (ለልጅ የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ) ይዞራል፤ ለ2025 በአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነው። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ቤተሰብ አስተዳዳሪ ብሎ መሙላት)፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው) እና የዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ክሬዲት ግን ልጁ ለሚያድርበት ወላጅ ናቸው።

ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ቀለብ) መክፈልም ልጁን የማስገባት መብት አይሰጥም። ከታክስም አይቀነስም።

«በሽማግሌ ተለያይተናል» ብለው ታክሳቸውን ሲንግል (ያላገባ) ብለው የሚሞሉም አሉ። ፍርድ ቤት ካላፋታችሁ ወይም በሕግ ካልለያያችሁ ዲሴምበር 31 ላይ ለታክስ ባልና ሚስት ናችሁ። ግን ባልየው ከጁላይ መጀመሪያ ጀምሮ እቤት ካልኖረ፣ ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እሷ ጋ ከኖረና ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ የከፈለችው እሷ ከሆነች፣ ለብቻዋ በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሙላት ትችላለች። ይኼን ሳያውቁ ስንት እናቶች ገንዘባቸውን ጥለው ሄደዋል!

አንቺም እህቴ፣ 8332 ላይ «ለወደፊት ዓመታት» የሚለውን ክፍል እንዲሁ አትፈርሚ። የየዓመቱን ለየብቻው ስጪው። መሻር ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ካሳወቅሽበት ቀጥሎ ካለው ዓመት ጀምሮ ነው።