በዳበሳ የሚሠራ ቁልፍ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ኮት ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ የስልክ መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ስልክ ያነሳል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የሠራሁት ለጎረቤታችን ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ኮሌታቸው ላይ ሰካሁላቸውና ደወልኩ። ጣታቸው ቁልፉን ፍለጋ ሄደ። ስልኩ ተነሳ፤ ወዲያው ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፤ እንደዚያው ሆነ።

“ልጄ፣ እኔ ገና እየፈለግኩ ነው፤ እሱ ሥራውን ጨርሷል” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። እዚህ ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ።

መንካትን እንደ ትዕዛዝ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የሚያይ ሰው መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይጫናል። በዳበሳ የሚሠራ ሰውም ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ግን ሁለቱንም የሚሠራለት ያው ጣቱ ነው። መሣሪያው ገና ሲነካ ከታዘዘ፣ ጣት የሚፈልግበት ጊዜ አያገኝም።

የመጀመሪያው ሥራዬ ኢኤስፒ32 የተባለችውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የንክኪ (touch) ሴንሰር ይጠቀም ነበር። ርካሽ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃም የለውም። ግን ሴንሰሩ የሚለካው ሰውነት ሲጠጋው የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። የዝናብ ጠብታና ላብም ያንኑ ለውጥ ያመጣሉ። በጓንት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል።

አሁን የምጠቀመው ተራ ስዊች ነው፤ 6 በ6 ሚሊሜትር የሆነችውን፣ ስትጫን ቀጭ የምትለዋን። የምትሰምጠው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ፍለጋን ከትዕዛዝ የምትለየው ግን ያቺው ሩብ ሚሊሜትር ናት። ጣት እንደልቡ ይዳብሳል፤ ቀጭ እስካላለ ድረስ ምንም አይሆንም።

የንክኪ ሴንሰር መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ዓይነ ስውራን በስልክ የሚጠቀሙበትን መንገድ ተከተሉ። አይፎን በ2009 እ.ኤ.አ. ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ቮይስኦቨር ሲያመጣ፣ አንድ ጊዜ መንካት ምን እንደተነካ እንዲነግር፣ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ደግሞ እንዲያዝ ተደርጎ ነው። የአንድሮይዱ ቶክባክም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

መንትያ ቁልፎችን ጎን ለጎን መደርደር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሊያጥፉ ሲሉ ጎማውን ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በደረቱ ይተኛል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ተመሳሳይና ጎን ለጎን ነበሩ። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1943 እ.ኤ.አ. ነገሩን መርምሮ ያቀረበው መላ ቀላል ነበር፤ በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ እንደ ክንፍ የሾለ ቅርፅ። ዛሬም በአውሮፕላን ውስጥ የጎማው መቆጣጠሪያ እጀታ በጎማ ቅርፅ ነው የሚሠራው።

ይሄን የሰማ ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድና ቁልፉ ላይ የስልክ ምስል ይቀርጻል። እኔም አድርጌዋለሁ። የጣት ጫፍ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማወቅ 2 ሚሊሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው። የብሬይል ነጥቦች 2.5 ሚሊሜትር ያህል የሚራራቁት፣ ከፍታቸውም ወደ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ጥፍር በምታህል ቁልፍ ላይ የተቀረጸ የስልክ ምስል ለጣት ዝም ብሎ ጎርባጣ ነገር ነው። በስኳር በሽታ ጣታቸው ለደነዘዘባቸው ሰዎች ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ልዩነቱን ደፈር አድርጉት፤ አንዱ ጉብ ይበል፣ ሌላው ይጎድጉድ። አንዱ ይሻክር፣ ሌላው ይለስልስ።

ላይና ታቹን መርሳት

ሁለተኛው ሥራዬ ክብ ነበር። ያምራል፤ ግን በዞረ ቁጥር መጨመሪያው መቀነሻ ይሆናል። ኪቦርድ ላይ ኤፍ እና ጄ ላይ፣ በድሮ ስልኮች ደግሞ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ አስቡ። አንዲት ምልክት ሁሉንም ታስይዛለች። እኔ አንዱን ጫፍ ሰፋ፣ ሌላውን ጠበብ አድርጌ ተገላገልኩ።

ጠረጴዛ ላይ ሞክሮ “ይሠራል” ማለት

ቁልፍ የሚጫነው ከኋላ የሚደግፈው ነገር ሲኖር ነው። የእጅ ሰዓት ከሥሩ አጥንት አለው። ኮሌታ ግን ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይሸሻል። ጋሼ በአንድ እጃቸው ኮሌታውን ወጥረው በሌላው ሲጫኑ ሳይ ነው የገባኝ። ስለዚህ ቆንጥጦ መጫን እንዲቻል አደረግኩት፤ አውራ ጣት ከኋላ፣ ሌባ ጣት ከፊት። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎንም ያው ችግር አለበት፤ በተጫኑት ቁጥር ጆሮን ይገፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ኤርፎን፣ ኤርፖድስ ፕሮ፣ ግን ከጆሮ ወደ ታች የሚወርደውን ግንዱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ በማድረግ ይሠራል።

ሌላም አለ። ጠረጴዛ ላይ የምናየው ከፊት ለፊት ነው። ደረት ላይ ሲሰካ ግራው ቀኝ ይሆናል። ራሳችሁ ልበሱት፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ካፖርትም ደርቡበት።

ሁኔታውን በመብራት መናገር

ቀይና አረንጓዴ መብራት እዚህ ምንም አይጠቅምም። ቫይብሬሽን ይሻላል፤ ግን ሲበራም ሲጠፋም አንድ ዓይነት ከነዘረ ያው ነው። ከሁሉም የምወደው የሚንሸራተት ስዊች ነው። የድሮ አይፎኖች ጎን ላይ ያለችው የድምፅ ማጥፊያ እንዲያ ነበረች። ኪስ ውስጥ እጅ ከትቶ፣ ምንም ሳይጫኑ፣ ስዊቿን በመዳበስ ብቻ ጸጥ ማለቱን ማወቅ ይቻል ነበር።

አንድ ቁልፍ ላይ አራት ሥራ መጫን

አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያ ደግሞ ይዞ መቆየት። ማንም አያስታውሰውም። ሁለት ሥራ ይበቃዋል።

ወፍራም ሽፋን

ውኃ እንዳይገባ ብዬ ያለበስኩት ሲሊኮን ቀጭታዋን ዋጣት። ሲጫኑ አይሰማም፤ ስለማይሰማም ደግመው ይጫናሉ። ሽፋኑን ቁልፉ ላይ ብቻ አሳሳሁት፤ ከውስጥ ስዊቿን የሚነካ ትንሽ እግር ጨመርኩለት።

ያንን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ጣታቸውን ከጠባቡ ጫፍ አስነስተው ጉብ ያለውን አለፉ፤ ተመልሰው ጎድጓዳው ላይ ቆሙ። ስልኩ እየጮኸ ነው። አልቸኮሉም። ቆንጠጥ ሲያደርጉት ቀጭ አለ፤ ስልኩም ተነሳ።

“አሁን ይጠብቀኛል” አሉ።