ጎራ ለይቶ የተቀመጠን ክፍል በጂግሶው ዘዴ ማስተማር

ሰው ጎራ ለመለየት ብዙ ምክንያት አይፈልግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል በብሪስቶል፣ እንግሊዝ፣ ልጆችን በሥዕል ምርጫ ስም ለሁለት ሲከፍላቸው፣ ማን ከማን ጋር እንደተመደበ ሳያውቁ እንኳ ገንዘብ ሲያካፍሉ ለወገናቸው አዳሉ። ስለዚህ «ተዋደዱ» ብሎ መምከር ብዙም አይፈይድም፤ አንዱ ያለሌላው እንዳይሳካለት ማድረግ ይሻላል። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ተማሪዎች ገና በተቀላቀሉባቸው ክፍሎች የሞከረው ይህንኑ ነው። ዘዴው ጂግሶው የተባለው፣ ተቆራርጦ እንደሚገጣጠም ሥዕል እያንዳንዱ ተማሪ የትምህርቱን አንድ ቁራጭ ስለሚይዝ ነው።

ተማሪዎቹን አምስት ወይም ስድስት እያደረጉ አሰባጥረው ይመድቡ። ምርጫውን ለእነሱ ከተዉት ጓደኛ ከጓደኛው ይሰበሰባል። ትምህርቱን በአባላቱ ቁጥር ይከፋፍሉና ለእያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ይስጡ። ሙሉ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ካለ ግን ነገሩ ፈረሰ፤ ማንም ማንንም አይሰማም።

ቀጥሎ ተመሳሳይ ድርሻ የደረሳቸው ከየቡድናቸው ወጥተው አብረው ይለማመዱ። ይህን እንዳይዘሉት፤ ደካማው ተማሪ ሳይዘጋጅ ከቀረበ ንቀቱ ይብስበታል። ከዚያ ተመልሰው ቡድናቸውን ያስተምሩ። አንዱ ሲንተባተብ ሌሎቹ ካሾፉ «ፈተናው ከእሱም ድርሻ ይወጣል» ይበሏቸው፤ ማሾፉን ትተው መጠየቅ ይጀምራሉ። አፈኛ ልጅ መድረኩን ከያዘው በየተራ ሰብሳቢ ይሰይሙ። ፈተናውን ሁሉም ለየብቻው ይውሰድ።